ጋሽ ደግፌ ያስተካከሉት ቀን

በየትኛውም ሰፈር ሰዓት የሚያስተካክል አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ሰፈር የለም የሚል ካለ፣ ወይ ሰፈሩን በደንብ አላወቀም፣ ወይ ሰውየው ራሱ ነው። ይህ ሰው እቤታችሁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እናንተን ሳይሆን ከራሳችሁ በላይ የተሰቀለውን የግድግዳ ሰዓት ነው። የልጆቻችሁን ደህንነት ይጠይቃል፤ ዓይኑ ግን እዚያው ደቂቃ ቆጣሪው ላይ ነው። ወንበር ስትሰጡት አይቀመጥበትም፤ ይቆምበታል።

ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር ይህን ሹመት የያዙት ጋሽ ደግፌ መሸሻ ናቸው። ሙሉ ማዕረጋቸው የቀራንዮ፣ የቤቴልና የአየር ጤና የጊዜ ጉዳይ የበላይ ጠባቂ ነው። የሾማቸው የለም፤ የሚሽራቸውም አልተገኘም። በልጅነታቸው ከደቡብ ምዕራብ መጥተው፣ ተላልከው፣ ነግደው፣ በመጨረሻ አየር ጤና መገናኛው ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ከፈቱ። አምፖል ይሸጣሉ፣ ሶኬት ይሸጣሉ፣ ሽቦ በሜትር ይለካሉ። ሰዓት ግን አይሸጡም። «ሰዓት ብሸጥ ኖሮ፣ ለጥቅሙ ነው የሚጨነቀው ትሉኝ ነበር» ይላሉ።

አንድ ቀን ወደ ቤቴል በሚሄድ ታክሲ ጋቢና ተቀምጠው ከመሪው አጠገብ የሚያበራውን ሰዓት አዩት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ እሱ ዘጠኝ ይላል።

«ይሄ የማን አገር ሰዓት ነው?»

«ጋሼ፣ መኪናው ጃፓን ነው የተወለደው» አላቸው ሾፌሩ። «ቀስ እያለ ይለምዳል።»

«እዚህ ከመጣ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ ምናምን።»

«ታዲያ እስካሁን ያልለመደ መች ሊለምድ ነው?» ብለው ቁልፉን መጫን ጀመሩ። ሬዲዮውን አስጮኹት፣ ካሴቱን አስተፉት፣ ሾፌሩን አስለመኑት። ቤቴል ሲወርዱ ግን ሰዓቱ ሦስት ከሩብ ይል ነበር።

እዚያው ቤቴል፣ አንዲት ነርስ የደም ግፊታቸውን ልትለካ ክንዳቸውን ጠቅልላ ሳለ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ያለፈውን ወር ሲያሳይ ያዙት።

«አባባ አይንቀሳቀሱ፤ ግፊትዎ ጨመረ።»

«የጨመረው ያ ካላንደር ነው! መጀመሪያ ቀኑ ይስተካከል!»

ነርሷ ወሩን ገለጠችው። እንደገና ለካች፤ ወርዶ ተገኘ። ይህን ጋሽ ደግፌ በሕክምና የተረጋገጠ ነገር አድርገው እስከ ዛሬ ያወሩታል።

«መጀመሪያ ቀኑ ይስተካከል» የሚለው ቃላቸው በሠርግም አይቀርም። የጎረቤታቸው የእሙ ሠርግ ዕለት የቪዲዮ ቀራጩን አስቁመው፣ ሙሽራዋ መኪና ውስጥ በላብ እየቀለጠች፣ በካሜራው ጥግ የሚታየውን የፈረንጅ ቀን በእኛው አስለወጡት። እሙ እስካሁን ትስቃለች። «ጋሼ ባይደርሱልኝ» ትላለች፣ «በካሜራው ቆጠራ ገና ሰባት ዓመት ቆይቼ ነበር የማገባው።»

በዚህ ሁሉ ሲስቁባቸው የማትስቅ አንዲት ሰው አለች፤ አጥር የምትጋራቸው አልማዜ። አልማዜ ታሪክ ተምራ ከዩኒቨርሲቲ የወጣች፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናት። እሷ ዘንድ ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት የመጣበትን መንገድ ይዞ ይመለሳል፤ ያመጣው ሰው አለቃዋም ቢሆን። ስለዚህ ጋሽ ደግፌ ወንበሯ ላይ ሲቆሙ እንዳይወድቁ ወንበሩን ይዛ ትቆማለች እንጂ አትከለክላቸውም።

ባሏ ተክለማርያም ግን ሌላ ነበር። የሒሳብ መምህር ነው፤ የጋሽ ደግፌ የእሑድ ጓደኛ። እሑድ ከሰዓት የግቢው በር ሲንኳኳ ተክለማርያም ቶሎ ተነሥቶ የግድግዳውን ሰዓት ትንሽ ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

«ኧረ ምን ታደርጋለህ?» አለችው አልማዜ መጀመሪያ ያየችው ቀን።

«ዝም በይ። ሰውየው ሥራ ፈቶ እንዲመለስ ነው የምትፈልጊው?»

ተክለማርያም ባለፈው ሰኔ አረፈ። ድንኳኑ ውስጥ ሰዓቱ ቆሞ የነበረ ሰው ነበረ፣ ሰዓቱ የቀደመበትም ነበረ፤ ጋሽ ደግፌ እስከ ሰልስት ድረስ የማንንም አላዩም።

የባልና ሚስቱ አንድ ልጅ ሉሲ ያን ጊዜ ሕንድ አገር፣ ባንጋሎር፣ የኮምፒውተር ትምህርቷ ፈተና ላይ ነበረች። እንዳይነገራት ተወሰነ። ወሳኙ ማነው ቢባል ሁሉም ጣቱን ወደ ጋሽ ደግፌ ይቀስራል፤ እሳቸውም አልካዱም። በየሳምንቱ ስትደውል «አባትሽ ተኝቷል» ይሏታል። ፈተናው ባለቀ ማግስት እዚያ ያሉ አበሾች ተሰብስበው በማለዳ ሄደው አረዷት።

ከዚያ በኋላ የስልኩ ነገር ተበላሸ። ልጅቱ ትጠይቃለች፤ አልማዜ «አባትሽ እኮ ያን ቀን…» ትልና ለቅሶ ሲመጣባት መነጋገሪያውን ታስቀምጠዋለች። ሉሲ ይህን ለቅሶ ነው ብላ አልተረዳችውም። አሁንም የሚደብቁኝ ነገር አለ አለች። ቀስ በቀስም መደወሉን ተወችው።

መስከረም ላይ ከሕንድ የተመለሰ አንድ ተማሪ ትንሽ ጥቅል ይዞ መጣ። ከመልእክት ጋር ነው። «እማዬ በስልክ መናገር ካቃታት ትጻፍልኝ። ኢንተርኔት ቤት ሰው መሀል ሆና እንዳታለቅስ ይሄን ልኬላታለሁ። አባዬ የመጨረሻውን ቀን እንዴት እንደዋለ ሁሉንም ትጻፍልኝ። ካልጻፈችልኝ ግን አልጠይቃትም፤ ልትነግረኝ አልፈለገችም ማለት ነው።»

ጥቅሉ ውስጥ ያለው በመዳፍ የሚያዝ ኮምፒውተር ነበር። የሰው እጅ ያለፈበት፣ መስተዋቱ አረንጓዴ ቀመስ፣ እንደ ስንደዶ የቀጠነች ብዕር ጎኑ ላይ የተሰካችበት። የስልክ ሽቦ የሚገባባት ክብሪት የምታህል ሳጥንም ከሥሩ ትለጠፋለች። ተማሪው «በስልክ መስመር ይደውልና ኢንተርኔት ይገባል» ብሎ ሄደ። የተረፈው ለጋሽ ደግፌ ተተወ፤ የሰፈሩን አንቴና ሁሉ የሰቀሉት እሳቸው ናቸውና።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ እሑድ ጠዋት መጡ። የሚፈታ ብሎን ባይኖርም ካቻቢቴ ይዘዋል። እሙም መጥታለች፤ ባሏ የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ስለሆነ የሚደውልላት በአልማዜ ስልክ ነው፤ መስመሩ ምን ሊደረግ እንደሆነ ማየት መብቷ ነው።

ባትሪው ሲገባ መሣሪያው በራና አንዲት መስቀል አሳየ፤ መሐሏን በብዕሩ ንኩ ማለቱ ነው።

«አየሽ?» አሉ ጋሽ ደግፌ። «በመስቀል ነው የሚጀምረው፤ ክፉ ዕቃ አይደለም።»

ቀጥሎ ቀኑን ጠየቀ። የጋሽ ደግፌ ፊት በራ። ዕድሜ ልካቸውን ያልተጠየቁትን ሲያስተካክሉ ኖረው፣ በመጨረሻ በራሱ አፍ «ዛሬ ስንት ነው?» የሚላቸው ዕቃ መጣ።

«እግዜር ይስጥህ! ሌላው ሁሉ እንዳንተ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?» ብለው መነጽራቸውን አደረጉ። «ቀን፣ አሥራ ሰባት። ወር፣ ሁለተኛ፤ መስከረም አንድ፣ ጥቅምት ሁለት። ዓመተ ምሕረት 1995።»

«ጋሼ፣ የነሱ ዓመት ሌላ አይደል እንዴ?» አለች እሙ። «የነሱማ ከፍ ይላል።»

«ደብዳቤው ከየት ነው የሚነሣው?»

«ከቀራንዮ።»

«እንግዲያው በቀራንዮ ቀን ይነሣል!»

እሙ ወደ አልማዜ ዞረች። «እትዬ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ? የተማሩት እርስዎ ነዎት።»

አልማዜ አላመነታችም። «ልክ ናቸው። ደብዳቤ የሚይዘው የተጻፈበትን አገር ቀን ነው» አለች፤ መዝገብ ቤቷ ቢሆን ኖሮም የምትለው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ሁለቱንም ወደ ውጭ አስወጥታ ብቻዋን ጻፈች። መሣሪያው የእኛን ፊደል አያውቅም፤ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል አንድ በአንድ እየነካች ለቀመችው። ያን ቀን ተክለማርያም ጢሙን ተላጭቶ እንደነበር ጻፈች። ሬዲዮ ክፈቱልኝ ማለቱን፣ ዜናው ሳያልቅ ዝጉት ማለቱን። በስልክ ሊወጣላት ያልቻለውንም ጻፈች፤ «ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት፤ ከጠየቀች ተኝቷል በሏት» ያለው ራሱ ተክለማርያም እንደሆነ፣ ቃሉን የተቀበሉት ጋሽ ደግፌ እንደሆኑ፣ እሳቸውም ልጅ በሟች አባቷ እንዳታዝን ብለው ወቀሳውን ዝም ብለው በራሳቸው እንደተሸከሙት። አልቅሳ ስትጨርስ ፊቷን ታጠበችና ጠራቻቸው።

ጋሽ ደግፌ ሽቦውን ከስልኩ ነቅለው ሳጥኗ ላይ ሰኩት። ከቴሌ የተሰጠውን ቁጥርና የይለፍ ቃል ሞሉ። ደወለ። ፉጨት፣ ከዚያ መንቋረር፣ ከዚያ ቆርቆሮ ሲፋቅ የሚመስል ጩኸት ክፍሉን ሞላው።

«ጋሼ፣ ምኑን ነው የሚያንቁት?» አለች እሙ ጆሮዋን ይዛ።

«ዝም በይ፤ እየተነጋገሩ ነው።»

«ተጣልተው ነው እንጂ!»

ተቋረጠ። እንደገና ደወሉ፤ ተቋረጠ። በሦስተኛው ጩኸቱ ቀስ ብሎ በረደና መሣሪያው ደብዳቤው መሄዱን አስታወቀ። ጋሽ ደግፌ ካቻቢቴውን ወደ ኪሳቸው መለሱ፤ እንደ ሐኪም።

መልስ ግን አልመጣም።

ጋሽ ደግፌ በማግስቱ ሊያዩ መጡ። በሳልስቱም። ከዚያ ጠዋት ሱቅ ሳይከፍቱ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ማታ ሱቁን ዘግተው መምጣት ያዙ። ሽቦውን ይነቅላሉ፣ ይሰካሉ፣ ያስጮኻሉ፤ «የለም» ይላሉ፤ «እስቲ ትንሽ እንቆይ፣ መንገድ ላይ ይሆናል» ብለው መስመሩን ይዘው ይቀመጣሉ። የእሙ ባል ከጋላፊ ደውሎ ደውሎ ሁልጊዜ ተይዟል ስለሚለው፣ «ከማን ጋር ነው እንዲህ የምታወሪው?» ብሎ በሰው ልኮ ጠየቃት።

«ትዳሬን ሊበትኑት ነው» አለች እሙ።

«ያገባሽበትን ቀን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ አይበተንም» አሏት። ግን እንደ ድሮው አልሳቁም።

ኅዳር ሲጋመስ አልማዜ መሣሪያውን በጨርቅ ጠቅልላ ቁምሳጥን ውስጥ ልታስቀምጠው አነሣች።

«አንብባዋለች፤ ይቅር ማለት አልሆነላትም» አለች። «ይበቃል ጋሽ ደግፌ፤ አይልፉ።»

ጋሽ ደግፌ ከወንበሩ ተነሥተው የግድግዳውን ሰዓት ሳያዩ ወጡ።

በሳምንቱ፣ ከሥራ ስትመለስ አልማዜ አየር ጤና ከታክሲ ወርዳ እንደ ልማዷ በሱቃቸው በኩል አለፈች። ጋሽ ደግፌ የሱቁን ስልክ በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው እያወዛወዙ ይጠሯታል። ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል።

«እሷ ናት! ሉሲ ናት! ነይ ስሚ!» ጆሮዋን ከጆሯቸው ጎን አስጠጋች።

«ጋሼ፣ እቤት ምን ተፈጥሮ ነው?» ትላለች ልጅቱ። «ስልኩ ቀን ከሌት ተይዞ ከረመ፤ አሁን ደግሞ የሚያነሣ የለም። እማዬ አመማት?»

«ያንቺን መልስ እየጠበቅን ነዋ የያዝነው!»

«የምን መልስ? ምን ተጻፈልኝና ነው የምመልሰው? እኔ እኮ ስጠብቅ…»

«እንዴት አልተጻፈም?» ጋሽ ደግፌ ቀጥ ብለው ቆሙ። በእርግጠኛነት የሚያውቁት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። «ጥቅምት አሥራ ሰባት ቀን 1995 ዓ.ም. ተጽፎ፣ ያንኑ ቀን ተልኳል!»

ሉሲ ቀኑን ለራሷ ደገመችው።

«ጋሼ… ኮምፒውተሩ ውስጥም 1995 ብለው ነው የሞሉት?»

«ታዲያ ስንት ልበል?»

«ወይኔ ጋሼ! ይቆዩኝ፤ እንዳይዘጉት። ከአጠገቤ ኮምፒውተር አለ።»

ሁለቱ አንድ መነጋገሪያ ይዘው ቆሙ። አንድ ሰው ስድሳ ሻማ አምፖል ሊገዛ ገብቶ፣ የሁለቱን ፊት አይቶ ሳይገዛ ወጣ።

«አለ!» አለች ሉሲ። «ከሁሉም ሥር ነው ያለው። ይሄ ነገር ደብዳቤ የሚደረድረው በቀኑ ነው፤ አዲሱን ከላይ፣ የቆየውን ከታች። የእናንተ እኮ በፈረንጅ የካቲት 1995 ሆኖ ነው የመጣው። ከሰባት ዓመት በፊት! ሁልጊዜ ከላይ ከላይ ሳይ…» ትንፋሿን ዋጠች። «እማዬ አለች?»

«አለሁ ልጄ» አለች አልማዜ።

«ጽፈሽልኝ ነበር።»

«ጽፌልሽ ነበር።»

«አሁን አልቆይም፤ ላንብበው» አለችና ዘጋችው።

ጋሽ ደግፌ መነጋገሪያውን ቀስ ብለው አኖሩትና ሽቦ በሚለኩበት በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀን የሳተውን ሁሉ ሲከሱ የኖሩ ሰው፣ እናትና ልጅን አንድ ወር ሙሉ ያለያዩት ራሳቸው ሆነው ተገኙ። አልማዜ ያን ጊዜ ልትቆጣቸው ትችል ነበር፤ «ልክ ናቸው» ያለችው እሷ ባትሆን። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እሷ ባትልም አትቆጣቸውም ነበር። አስነሥታ፣ ሱቁን አዘግታ፣ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ቤት ወሰደቻቸው።

በማግስቱ ማታ መጡ። ከሱቅ የገዙትን የፈረንጅ ካላንደር በብብታቸው ይዘዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወታቸው ገዝተው አያውቁም። «መጀመሪያ…» አሉና የቀረውን ዋጡት። ሽቦውን ሰኩ፤ መሣሪያው ጮኸ፣ ተረጋጋ። አንድ ደብዳቤ ገባ።

«መጣልሽ» አሉ። ወዲያው ተነሥተው ወደ በረንዳ ወጡ፤ የሰው ደብዳቤ አጠገብ አይቆሙም። አልማዜ በብዕሯ ነክታ ከፈተችው።

«እማዬ፣ አራት ጊዜ አነበብኩት። ጢሙን ተላጭቶ ነበር ማለትሽ በቃኝ፤ ሌላውን ባትጽፊውም ይበቃኝ ነበር። ተኝቷል በሏት ያለው እሱ መሆኑን ሳውቅ፣ ያን ሁሉ ወር በጋሼ ላይ የተናገርኩትን አስቤ አፈርኩ፤ ይቅርታ ጠይቂልኝ። አንድ ነገር ልንገርሽ። ደብዳቤሽ የያዘው ቀን እኔ ሰባተኛ ክፍል የነበርኩበት ጊዜ ነው። አባዬ ማታ ማታ ሒሳብ የሚያስጠናኝ፣ ከሳትኩ መብራት አጥፍቶ የሚያስቀኝ ጊዜ። ሞቱን የነገርሽኝ እሱ በደህና ባለበት ዓመት ሆነሽ ነው። መጀመሪያ አለቀስኩ፤ በኋላ ደስ አለኝ። ጋሼ ቀኑን አስተካክላለሁ ሊሉ ነው፤ አውቃቸዋለሁ። እንዳይነኩት በያቸው። ከእንግዲህ የት እንደምፈልግሽ አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ ከሁሉም ሥር እወርዳለሁ።»

አልማዜ ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ጨርሳ ጋሽ ደግፌን ጠራቻቸው። እሳቸውም ገብተው ካላንደሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው መነጽራቸውን አደረጉ።

«በይ ስጪኝ፤ የፈረንጁን ልሙላበት። እንደ መርዝ ነው የምጠጣው፤ ግን ይሁን።»

«ይተዉት።»

«እንዴት ይተዋል? የተሳሳተ እኮ ነው!»

«ይተዉት ብላለች» አለችና፣ ስለ ይቅርታው ያለውንና ስለ ዓመቱ ያለውን ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

ጋሽ ደግፌ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በኮታቸው ጫፍ ወለወሉት፣ መልሰው አደረጉት፣ እንደገና አወለቁት። አልማዜ መልሱን ለመጻፍ ብዕሯን አነሣች። የመጀመሪያዎቹን ፊደላት መንካት ስትጀምር ጎንበስ ብለው፣ በለሰለሰ ድምፅ ተናገሩ።

«እንግዲህ እዚያ ዓመት የሚደርስ ከሆነ…»

«እ?»

«ለተክለማርያምም ሰላም በይልኝ።»

አልማዜ በሥራ ዘመኗ እውነት ያልሆነ ነገር በጽሑፍ አስፍራ አታውቅም። ትንሽ አየቻቸውና፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካች፣ ሰላምታውን ከነስማቸው ጻፈችው።